አፍ ሲያቃጥል ሐኪም ምንን ይመረምራል?

«ምላሴን ይለበልበኛል»፣ «አፌ በርበሬ እንደነካው ያቃጥለኛል»፣ «ትኩስ ነገር መቅመስ አቃተኝ» የሚሉ ቅሬታዎች በጤና ተቋማት የተለመዱ ናቸው። ሕመሙ ከውጭ ለሚያየው ሰው ቀላል ይመስላል። ትኩሳት ላይኖረው ይችላል፤ ቁስሉም ላይታይ ይችላል፤ ታማሚውንም ከአልጋ አያውልም። ለሳምንታትና ለወራት ሲቆይ ግን እህል ውኃን ያስጠላል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ ሠርቶ የማደር አቅምንም ያዳክማል።

ብዙዎች ወደ ሐኪም ከመሄዳቸው በፊት መንስኤውን በግምት ይሰይማሉ። አንዱ «ምች ነው» ይላል፤ ሌላው «ጨጓራዬ ነው» ይላል፤ ሦስተኛው «ቫይታሚን አንሶኝ ነው» ብሎ ከመድኃኒት ቤት እንክብል ይገዛል። ግምቱ አንዳንዴ እውነት ሊሆን ይችላል። ሳይሆን ሲቀር ግን ጊዜና ገንዘብ ይባክናል፤ ከበስተጀርባ ያለው ሕመም ደግሞ ሳይታወቅ ይቆያል።

አፍን የማቃጠል ስሜት በአብዛኛው የሌላ ችግር ምልክት ነው። የደም ማነስ፣ የስኳር በሽታ፣ የአፍ ፈንገስ፣ የምራቅ ማነስ፣ የሚወሰድ መድኃኒት ወይም የነርቭ መታወክ ይህን ስሜት ሊያመጡ ይችላሉ። ስለዚህ ሐኪሙ ማስታገሻ ከማዘዙ በፊት መንስኤውን ለመለየት ይጥራል። የሚለየውም በአንድ ምርመራ ሳይሆን፣ ሊሆኑ የሚችሉትን ምክንያቶች አንድ በአንድ እያጣራና የማይመስሉትን እያስወገደ ነው።

ተመሳሳይ ስሜት፣ የተለያየ ምክንያት

ነገሩን ለመረዳት ሦስት ሰዎችን በምሳሌነት እንውሰድ።

አንደኛዋ የ54 ዓመት እናት ናቸው እንበል። ጠዋት ሲነሱ ደኅና ናቸው። ቀኑ እየገፋ ሲሄድ የምላሳቸው ጫፍ ማቃጠል ይጀምራል፤ ማታ ላይ ይበረታል። ምግብ በሚበሉበት ጊዜ ግን ረገብ ይላል። አፋቸው ውስጥ ምንም ዓይነት ቁስል ወይም መቅላት አይታይም።

ሁለተኛው የ38 ዓመት አርሶ አደር ነው። ወጥ ምላሱን ሲነካው ያቃጥለዋል። የከንፈሩ ጥግና ጥግ ተሰንጥቋል። ዳገት ሲወጣ ልቡ በኃይል ይመታል፤ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ከወትሮው ቶሎ ይደክማል።

ሦስተኛው የ61 ዓመት የከተማ ነዋሪ ናቸው። ከጥቂት ሳምንታት በፊት የደም ግፊት መድኃኒት ጀምረዋል። ከዚያ ወዲህ የሚቀምሱት ሁሉ ብረት ብረት ይላቸዋል፤ አፋቸውንም ያቃጥላቸዋል።

ሦስቱም ለሐኪሙ የሚነግሩት «አፌን ያቃጥለኛል» ብለው ነው። ለሦስቱም አንድ ዓይነት መድኃኒት ቢሰጥ ግን ቢያንስ ሁለቱ ያለ ጥቅም ይመለሳሉ። በእነዚህ ሰዎች መካከል ያለው ልዩነት የሚገለጠው በጥያቄ፣ አፍን በማየትና በደም ምርመራ ነው።

ጊዜ የማይሰጡ ምልክቶች

ሐኪሙ መጀመሪያ የሚያጣራው ሁኔታው አስቸኳይ መሆን አለመሆኑን ነው። ማቃጠሉ በድንገት ከጀመረ፣ ከንፈር ወይም ምላስ ካበጠ፣ መተንፈስ ወይም ምራቅ መዋጥ ካስቸገረ ታማሚው ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም መድረስ አለበት።

ከአስቸኳዮቹ መካከል አርሶ አደሮችን በተለይ የሚመለከተው የእርሻ ኬሚካል ነው። ፀረ ተባይ ወይም ፀረ አረም በሚረጭበት ጊዜ የመርጫው ኖዝል ሲደፈን በአፍ እፍ ብሎ ለመክፈት መሞከር እጅግ አደገኛ ልማድ ነው። ኬሚካል በነካው እጅ እንጀራ መቁረስ፣ ሲጋራ ማጨስ ወይም ጫት መቃምም መርዙን በቀጥታ ወደ አፍ ያስገባል። የተደፈነ ኖዝል የሚጸዳው ጓንት አድርጎ፣ በንጹሕ ውኃና ለስላሳ በሆነ ብሩሽ ወይም በቀጭን የሣር ሰንበሌጥ ነው።

ፓይሬትሮይድ ከሚባለው ወገን የሆኑ ፀረ ተባዮች የፊት ቆዳንና ከንፈርን የመንዘርና የማቃጠል ስሜት ያሳድራሉ፤ ስሜቱ ብዙውን ጊዜ በአንድ ቀን ውስጥ ይለቃል። ፓራኳት የተባለው ፀረ አረም ግን ከዚህ ፈጽሞ ይለያል። በጥቂቱ እንኳ ከተዋጠ አፍንና ጉሮሮን አቃጥሎ፣ ኩላሊትንና ሳንባን ጎድቶ ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል። ችግሩ በመጀመሪያው ቀን ቀላል መስሎ መታየቱ ሊያዘናጋ አይገባም።

ኬሚካል አፍ ውስጥ የገባበት ሰው በንጹሕ ውኃ ደጋግሞ ተጉመጥምጦ ይትፋ፤ ከዚያም በቶሎ ወደ ጤና ተቋም ይሂድ። እንዲያስመልሰው ማስገደድ ጉሮሮውን ዳግመኛ ሊያቃጥለው ስለሚችል አይመከርም። «መርዙን ያረክሳል» በሚል ወተት እያጠጡ ጊዜ ማባከንም አይገባም። የኬሚካሉን ዕቃ ወይም በላዩ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ይዞ መሄድ ሐኪሙ ትክክለኛውን ሕክምና በፍጥነት እንዲጀምር ያግዘዋል።

ድንገተኛ ባይሆኑም ሊዘገዩ የማይገባቸው ሌሎች ምልክቶች አሉ። ከ2 ሳምንት በላይ ያልዳነ የአፍ ቁስል፣ የማይጠፋ ነጭ ወይም ቀይ ምልክት፣ በአንድ ወገን ብቻ የሚሰማ ሕመም ወይም መደንዘዝ፣ በአፍ ውስጥ ወይም በአንገት ላይ የወጣ እብጠት፣ ያለ ምክንያት ክብደት መቀነስ ከእነዚህ መካከል ናቸው። ሐኪሙ እንዲህ ዓይነት ነገር ሲያይ በመጀመሪያ ደረጃ የሚያስበው ካንሰር አለመኖሩን ማረጋገጥ ነው። ለዚህም ከቦታው ትንሽ ናሙና ተወስዶ እንዲመረመር ያደርጋል። የአፍ ካንሰር በጊዜ ሲደረስበት የመዳን ዕድሉ ከፍ ያለ ስለሆነ፣ ይህን ምርመራ በፍርሃት ማዘግየት ጉዳቱ ለታማሚው ነው።

ምርመራው በጥያቄ ይጀምራል

አስቸኳይ ነገር ከሌለ ሐኪሙ ረጋ ብሎ ይጠይቃል። አንዳንድ ታካሚዎች «መድኃኒት ስጠኝ እንጂ ምን ያስጠይቅሃል» ብለው ይሰላቻሉ። ሆኖም ከመንስኤው አብዛኛው ፍንጭ የሚገኘው ከታካሚው አንደበት ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ ቦታውን ይመለከታል። ምላስ ነው? ከንፈር ነው? ላንቃ ነው? ወይስ መላው አፍ? በሁለቱም ወገን ነው ወይስ በአንድ ጎን ብቻ? በአንድ ቦታ ላይ የተወሰነ ማቃጠል ብዙውን ጊዜ በዚያው ቦታ ያለ ነገርን ይጠቁማል፤ ለምሳሌ የተሰበረ ጥርስ ስለት፣ የማይገጥም ሰው ሠራሽ ጥርስ ወይም ቁስል ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ጊዜን ይመለከታል። መቼ ጀመረ? ጠዋት ይብሳል ወይስ ማታ? በየቀኑ ነው ወይስ እየተወ ይመለሳል? ጠዋት ጋብ ብሎ ማታ የሚበረታ፣ ከእንቅልፍ ግን የማይቀሰቅስ ማቃጠል ከነርቭ ጋር በተያያዘው ዓይነት ላይ የተለመደ ነው። እየመጣ የሚሄድ ከሆነ ደግሞ ከተወሰነ ምግብ ወይም ከሚነካ ነገር ጋር የተያያዘ የቆዳ መቆጣት ሊጠረጠር ይችላል።

ሦስተኛው ምግብን ይመለከታል። በርበሬ፣ ሚጥሚጣ፣ ሎሚ ወይም ትኩስ ሻይ የሚያብሰው ከሆነ የአፍ ውስጠኛው ሽፋን መሳሳቱን ወይም መቆጣቱን ሐኪሙ ይጠረጥራል። በአንጻሩ ሲበሉና ሲጠጡ የሚቀልል ከሆነ ሽፋኑ ሳይሆን ስሜቱን የሚያደርሰው ነርቭ ተጠርጣሪ ይሆናል። በምሳሌያችን የአርሶ አደሩና የእናቲቱ ሁኔታ የተለያየው በዚህ ነው።

ከዚያ በኋላ ጥያቄዎቹ ወደ ኑሮ ይገባሉ። አዲስ የጥርስ ሳሙና ወይም የአፍ መጉመጥመጫ ተጀምሯል? ቀረፋና ሜንታ ያለባቸው ነገሮች፣ እንዲሁም በጥርስ ሳሙና ውስጥ አረፋ የሚያወጣው ንጥረ ነገር አንዳንድ ሰዎችን ያስቆጣሉ። ታካሚው ጫት ይቅማል? ሲጋራ ወይም ሱረት ይጠቀማል? አረቄ ይጠጣል? እነዚህ አፍን ያደርቃሉ፤ ሽፋኑንም ይጎዳሉ። ሌሊት ጥርሱን ያፋጫል? በጭንቀት ጊዜ ምላሱን ከጥርሱ ጋር ይገፋል? ቃር ወይም ወደ ጉሮሮ የሚመለስ ኮምጣጣ ነገር አለው? ውኃ ጥምና ሽንት ይበዛበታል? ይህ የመጨረሻው የስኳር በሽታን ይጠቁማል።

ሴቶች ስለ ወር አበባቸው ሊጠየቁ ይችላሉ። የወር አበባ በብዛት የሚፈሳቸው ሴቶች ለብረት እጥረት የተጋለጡ ሲሆኑ፣ ነርቭ ነክ የሆነው የአፍ ማቃጠል ደግሞ በይበልጥ የሚታየው ባረጡ ሴቶች ላይ ነው። ሐኪሙ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ሐዘንና ስለ ጭንቀትም ሊጠይቅ ይችላል። ይህን መጠየቁ ሕመሙን «የሐሳብ ነው» ለማለት አይደለም። ጭንቀትና የእንቅልፍ እጦት የሕመም ስሜትን እንደሚያባብሱ፣ የቆየ ሕመምም በተራው ጭንቀትን እንደሚወልድ ስለሚታወቅ ነው።

አፍ ሲታይ የሚነበቡ ምልክቶች

ቀጥሎ ሐኪሙ በብርሃን እየታገዘ ከንፈርን፣ ድድን፣ የጉንጭን ውስጠኛ ክፍል፣ ላንቃን፣ የምላስን ላይና ታች ይመለከታል። ሰው ሠራሽ ጥርስ ካለ እንዲወልቅ ያደርጋል፤ ከሥሩ የተደበቀ መቅላት ሊኖር ይችላልና። አንገትን ዳስሶ ንፍፊትና የታይሮይድ ዕጢ ማበጥ መኖሩን ያጣራል።

በጨርቅ ሲጠረግ የሚለቅና ከሥሩ ቀይ ቦታ የሚተው ነጭ ነገር በአብዛኛው የፈንገስ ምልክት ነው። ፈንገስ ግን ሁልጊዜ ነጭ ሆኖ አይታይም፤ አንዳንዴ ምላስን ወይም ላንቃን ከማቅላት በቀር ሌላ ምልክት የለውም። የአፍ ፈንገስ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ሲወስዱ በቆዩ፣ ለአስም የሚሳብ ስቴሮይድ በሚጠቀሙ፣ ሰው ሠራሽ ጥርሳቸውን ሳያወልቁ በሚያድሩና የስኳር መጠናቸው ባልተስተካከለ ሰዎች ላይ ይበረታል። ግልጽ ምክንያት ሳይኖር በአዋቂ ሰው ላይ ከታየ የኤች አይ ቪ ምርመራ እንዲደረግ ይመከራል።

ለስላሳ፣ የቀላና የሚያብለጨልጭ ምላስ የንጥረ ነገር እጥረትን ያመለክታል። የምላስ ላይኛው ክፍል በተፈጥሮው ሻካራ የሚሆነው ጥቃቅን ጉብታዎች ስላሉበት ነው። ብረት፣ ቫይታሚን ቢ12 ወይም ፎሌት ሲያንስ እነዚህ ጉብታዎች ይጠፋሉ፤ በተለምዶ «ምላሴ ተላጠ» የሚባለው አንዱ ገጽታ ይህ ነው። የተሰነጠቀ የከንፈር ጥግም ከዚሁ እጥረት ወይም ከፈንገስ ጋር አብሮ ይታያል።

በጉንጭ ውስጥ የሚታይ መረብ የመሰለ ነጭ መስመር ላይክን ፕላነስ የተባለውን የሽፋን መቆጣት ያሳያል። በምላስ ላይ ቦታ እየቀያየረ የሚታይ፣ የካርታ ቅርጽ ያለው ቀይ ምልክት ደግሞ ብዙ ጊዜ ጉዳት የሌለው ሆኖ ቅመም ሲነካው ሊያቃጥል ይችላል። በከንፈር ዙሪያ ውኃ ቋጥሮ የሚወጣውና ሰዎች «ምች» የሚሉት ቁስል በአብዛኛው ሄርፒስ ከሚባል ቫይረስ የሚመጣ ሲሆን፣ በቀናት ውስጥ የሚድን ነው። ስለዚህ ለወራት የዘለቀን ማቃጠል ምች ብሎ መተው አያስኬድም።

ሐኪሙ የምራቅን መጠንም ይገመግማል። ምራቅ አፍን ያረጥባል፣ ከፈንገስና ከጥርስ መበስበስ ይከላከላል። ሲያንስ ምላስ ከጉንጭ ጋር ይጣበቃል፤ ደረቅ እንጀራ ያለ ውኃ ለመዋጥ ያስቸግራል። መለካት ካስፈለገ ታካሚው ምንም ሳያኝክ ምራቁን ለተወሰኑ ደቂቃዎች በዕቃ ውስጥ እንዲያጠራቅም ይደረጋል። በደቂቃ ከ0.1 ሚሊ ሊትር በታች የሆነ ምራቅ ማነሱን ያመለክታል።

የደም ምርመራ ምን ይናገራል?

ጥያቄውና እይታው ጥርጣሬውን ካጠበቡት በኋላ የደም ምርመራ ይከተላል። በብዙ ጤና ጣቢያዎችና በመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታሎች ሊሠሩ የሚችሉት ሙሉ የደም ቆጠራና የስኳር ምርመራ ናቸው። የብረት ክምችትን የሚያሳየው ፌሪቲን፣ የቫይታሚን ቢ12፣ የፎሌትና የታይሮይድ ሆርሞን ምርመራዎች ግን ብዙ ጊዜ የሚገኙት በትልልቅ ሆስፒታሎችና በግል ላቦራቶሪዎች ነው። በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የታቀፈ ሰው ከጤና ጣቢያው የሪፈር ወረቀት ይዞ መሄዱ ከአላስፈላጊ ወጪ ያድነዋል።

በዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ መሠረት ሄሞግሎቢናቸው በዴሲ ሊትር ከ13 ግራም በታች የሆነ አዋቂ ወንዶችና ከ12 ግራም በታች የሆነ ነፍሰ ጡር ያልሆኑ ሴቶች የደም ማነስ አለባቸው። በከፍታ ቦታ የሚኖሩ ሰዎች ውጤት ሲነበብ የመኖሪያ ከፍታቸው ከግምት ይገባል። የብረት ክምችት ግን ሄሞግሎቢን ከመውረዱ በፊት ሊሟጠጥ ስለሚችል፣ «ደምህ ደኅና ነው» የተባለ ሰው ምላሱ የተላጠ ከሆነ ፌሪቲን መታየቱ ይጠቅማል።

የደም ማነሱ ከታወቀ በኋላ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይነሳል፦ ብረቱ የት ሄደ? በምሳሌያችን ባለው የ38 ዓመት አርሶ አደር ላይ ይህ ጥያቄ ወሳኝ ነው። የወር አበባ የማያይ አዋቂ ወንድ ብረት ሲያንሰው ሐኪሙ ከሆድ ዕቃው ደም እየፈሰሰ እንዳይሆን ይጠረጥራል። የጨጓራ ቁስለት፣ ኪንታሮት ወይም ሁክዎርም የተባለው የአንጀት ትል ሊሆን ይችላል። ሁክዎርም እጭ ሆኖ በእርጥብ አፈር ውስጥ ይቆይና በባዶ እግር በኩል ወደ ሰውነት ይገባል፤ አንጀት ላይ ተጣብቆም ደም ይመጥጣል። በመሆኑም የሰገራ ምርመራ ከአፍ ማቃጠል ጋር ግንኙነት የሌለው ቢመስልም የመፍትሔው አካል ሊሆን ይችላል።

ቫይታሚን ቢ12 በተፈጥሮ የሚገኘው ከሥጋ፣ ከጉበት፣ ከወተት፣ ከእንቁላልና ከዓሣ ነው። ሐኪም ስለ ጾም የሚጠይቀውም በዚህ ምክንያት ነው። ጤነኛ ሰውነት ይህን ቫይታሚን በጉበት ውስጥ ለዓመታት የሚበቃ ያህል ስለሚያከማች፣ የጾም ወቅት ብቻውን እጥረት አያመጣም። በፍስክ ወቅትም የእንስሳት ተዋጽኦ በአቅም ማነስ የማያገኝ፣ በዕድሜ የገፋ፣ የቆየ የጨጓራ ሕመም ያለበት፣ ወይም ሜትፎርሚንን አልያም ኦሜፕራዞልን ለዓመታት የወሰደ ሰው ግን ለእጥረቱ የተጋለጠ ነው። የእጅና የእግር መደንዘዝ ከአፍ ማቃጠል ጋር አብሮ ከታየ ጥርጣሬው ይጠነክራል። የቢ12 እጥረት ሳይታከም ከቆየ በነርቭ ላይ የማይመለስ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል።

ጤፍና ምስር ብረት አላቸው። ሆኖም ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው ከምግብ በኋላ የሚጠጣ ቡናና ሻይ ሰውነት ብረቱን እንዳይወስድ ያግዳል። ቢያንስ አንድ ሰዓት ያህል ማራቅ ይረዳል።

በስኳር ምርመራ ጾም ታድሮ የተለካ ውጤት በዴሲ ሊትር 126 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ተደግሞም ከተረጋገጠ፣ የስኳር በሽታ አለ ይባላል። የስኳር በሽታ አፍን በማድረቅ፣ ለፈንገስ በማጋለጥና ነርቭን በመጉዳት በሦስት መንገድ አፍን ሊያቃጥል ይችላል። የታይሮይድ ሆርሞን ማነስም ከዚሁ ስሜት ጋር ሊያያዝ ስለሚችል ይመረመራል።

መድኃኒቱ ራሱ ሲሆን

ሐኪሙ ታካሚው የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ሁሉ ማየት ይፈልጋል። ኢናላፕሪል፣ ካፕቶፕሪልና ሊሲኖፕሪል የተባሉት የደም ግፊት መድኃኒቶች በአንዳንድ ሰዎች ላይ የጣዕም መለወጥና የአፍ ማቃጠል ያስከትላሉ። አንዳንድ የአለርጂና የድብርት መድኃኒቶች ደግሞ ምራቅ ያደርቃሉ። በምሳሌያችን ባሉት የ61 ዓመት ሰው ላይ ቁልፉ ፍንጭ መድኃኒቱ በተጀመረበትና ማቃጠሉ በመጣበት ጊዜ መካከል ያለው ቅርበት ነው። ሐኪማቸው መድኃኒቱን ከሌላ ወገን በሆነ መድኃኒት ቀይሮ ለሳምንታት ሊከታተላቸው ይችላል።

እዚህ ላይ ትልቅ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የግፊት መድኃኒትን «አፌን አቃጠለኝ» ብሎ በራስ ፈቃድ ማቋረጥ ግፊቱን አንሮ ለስትሮክ፣ ለልብና ለኩላሊት ጉዳት ይዳርጋል። መድኃኒቱን የሚቀይረው ሐኪም ብቻ ነው። በተጨማሪም እነዚህን መድኃኒቶች የሚወስድ ሰው ከንፈሩ፣ ምላሱ ወይም ፊቱ ካበጠ አስቸኳይ ሕክምና ያስፈልገዋል።

በቤት ውስጥ የሚደረጉ ማስታገሻዎችም መንስኤ ሊሆኑ ይችላሉ። ነጭ ሽንኩርት ወይም ሎሚ በቀጥታ በታመመው ቦታ ላይ መያዝ፣ አስፕሪን በጥርስ ሥር ማኖር የአፍን ሽፋን ያቃጥላል። ለፈንገስ የተጋለጠ ሰው ያለ ትእዛዝ ፀረ ባክቴሪያ ሲወስድ ፈንገሱ ይባባሳል።

ምርመራው ሁሉ «ደኅና» ሲል

አንዳንድ ጊዜ አፍ ጤነኛ ሆኖ ይታያል፤ የደም ውጤቱም ምንም ጉድለት አያሳይም፤ ማቃጠሉ ግን ይቀጥላል። የመጀመሪያዋ እናት ታሪክ እንዲህ ያለ ነው። በዚህ ጊዜ ሐኪሙ «በርኒንግ ማውዝ ሲንድረም» ወደሚባለው ነርቭ ነክ ሕመም ያመራል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የዓለም አቀፉ የራስ ምታት ማኅበር የበሽታ አከፋፈል ይህን ሕመም የሚገልጸው፣ በየቀኑ ከ2 ሰዓት በላይ የሚሰማ፣ ከ3 ወር በላይ የዘለቀና ሌላ መንስኤ ያልተገኘለት የአፍ ማቃጠል አድርጎ ነው። ስያሜው የሚሰጠው ሌሎቹ ምክንያቶች ከተጣሩ በኋላ ብቻ ነው።

ብዙ ታካሚዎች ተስፋ የሚቆርጡት እዚህ ደረጃ ላይ ሲደርሱ ነው። «ምንም የለብዎትም» ተብለው ሲመለሱ ሕመማቸው እንዳልታመነላቸው ይሰማቸዋል፤ ቤተሰብም «ምርመራው ነጻ ነው ካለ ምን ያማርራታል» ይላል። ነገር ግን በዓይን የሚታይ ቁስል አለመኖሩ ሕመሙ አለመኖሩን አያሳይም። የሕመምና የጣዕም መልእክት የሚያደርሱት ነርቮች አሠራራቸው ሲዛባ፣ የሚቃጠል ነገር ሳይኖር አንጎል የማቃጠል መልእክት ይደርሰዋል። ከማቃጠሉ ጋር የሚመጣው የመራራ ወይም የብረት ጣዕምም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ሕመሙ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ወደ ካንሰርም አይለወጥም።

ለዚህ ዓይነቱ ማቃጠል አንድ ጊዜ ተወስዶ ጨርሶ የሚያድን መድኃኒት የለም። ስሜቱን የሚቀንሱ መንገዶች ግን አሉ። ሐኪሙ ክሎናዜፓም የተባለውን መድኃኒት በአፍ ውስጥ አቆይቶ በመትፋት እንዲወሰድ ወይም ለነርቭ ሕመም የሚሰጡ ሌሎች መድኃኒቶችን ሊያዝ ይችላል። እነዚህ እንቅልፍ የሚያመጡና ሱስ የማስያዝ ባሕርይ ያላቸው ስለሚገኙባቸው ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይወሰዱም። ከባለሙያ ጋር በንግግር የሚሰጥ ሥነ ልቡናዊ ሕክምናም ሕመሙን ለመቋቋም ይረዳል። በአንዳንድ ሰዎች ላይ ደግሞ ማቃጠሉ በጊዜ ሂደት እየቀነሰ ይሄዳል።

ወደ ሐኪም ሲኬድ

ከገጠር ወደ ከተማ የሚደረግ ጉዞ ጊዜና ገንዘብ ይጠይቃል። ስለዚህ አንዱን ቀጠሮ በሚገባ ለመጠቀም መዘጋጀት ይበጃል። ከቀጠሮው በፊት ባለው ሳምንት ማቃጠሉ የበረታበትን ሰዓትና ከምን ምግብ በኋላ እንደባሰ በማስታወሻ መያዝ፣ ማንበብና መጻፍ ለማይችልም ልጆቹ እንዲጽፉለት ማድረግ ይቻላል። የሚወሰዱ መድኃኒቶችን ሁሉ፣ የባሕል መድኃኒትንም ጨምሮ፣ ከነማሸጊያቸው ይዞ መሄድ ያስፈልጋል። ስለ ጫት፣ ስለ መጠጥና ስለ ኬሚካል ርጭት ሲጠየቁ ሳይደብቁ መንገር መንስኤውን ፈልጎ ለማግኘት ይረዳል። በጠዋት የሚሄድ ሰው በጾም የሚሠራ የደም ምርመራ ሊታዘዝለት ስለሚችል ቀድሞ መጠየቁ ዳግም ምልልስ ያስቀርለታል።

እስከዚያው ድረስ ቀዝቃዛ ውኃ በየጊዜው መጎንጨት፣ በርበሬና ሚጥሚጣን መቀነስ፣ እጅግ ትኩስ የሆነ ቡናና ሻይ ማብረድ፣ ከጫት፣ ከሲጋራና ከአረቄ መራቅ፣ ጥርስን በለስላሳ ብሩሽ ወይም በተቀጠቀጠ መፋቂያ በዝግታ ማጽዳት ስሜቱን ያበርዳሉ። ለአስም የሚሳብ ስቴሮይድ የሚጠቀም ሰው ከሳበ በኋላ አፉን ተጉመጥምጦ ይትፋ። ሰው ሠራሽ ጥርስ ያለው ደግሞ ሌሊት አውልቆ አጽድቶ ያስቀምጠው።

ማቃጠሉ ከ2 ሳምንት በላይ ከዘለቀ በአቅራቢያው ወዳለው ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባል። በዚያ መልስ ካልተገኘም የጥርስና የአፍ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል ሪፈር መጠየቅ የታካሚው መብት ነው።